ትምህርቱን የምትፈትነው ታደለች

ዛሬ ጠዋት የታደለች ወንድም ደውሎ ማረፏን ሲነግረኝ ተቆጣሁት። "እንዲህ ዓይነት ቀልድ አይቀለድም!" ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እሱም እያለቀሰ አዳመጠኝ። አሁን መሽቷል፣ እኔ ግን እስካሁን አላመንኩም። ትናንት አብሬያት ነበርኩ እኮ!

ለማታውቋት፦ ታደለች እዚህ ሐዋሳ፣ ትምህርት ላይ በምንሠራበት ቢሮ የአካዳሚክ ፕሮግራም ተንታኝ ነበረች። እኔም ሥራዬ ያው ነው፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ሥራችን ለሰው ሲነግሩት ቶሎ አይገባም። እናቷ ራሳቸው ለጎረቤት "ልጄ መምህርት ናት" ነበር የሚሉት። አንድ ቀን ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። "እማ፣ ተማሪውን መምህሩ ይፈትነዋል። ትምህርቱን ደግሞ እኔ እፈትነዋለሁ።" እሳቸውም "ታዲያ ወድቆ ያውቃል?" አሏት። ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ነበር የምትስቀው።

እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ረቡዕና ዓርብ ምሳዬን ትቀማኛለች። "ጾሙ ለአንተ፣ ሽሮው ለእኔ" እያለች።

አንድ አመል ነበራት። ተማሪዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ስብሰባ ተቀምጠን መላ ምት ስንደረድር፣ አንዱ "ስንፍና ነው" ሲል፣ ሌላው "ትራንስፖርት ነው" ሲል፣ እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና "አፍ አላቸው እኮ! ለምን አንጠይቃቸውም?" ትላለች። ይህ አነጋገሯ የማይጥማቸው አለቆች ነበሩ። እሷ ደንታም አልነበራት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ቅዳሜና እሁድ የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም አለ። ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው በእረፍት ቀናቸው ይማራሉ። ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ፕሮግራሙ ያስደነግጣል፤ የሚያቋርጠው ብዙ፣ የሚመረቀው ጥቂት። ስለዚህ "ይዘጋ" የሚል ሐሳብ መጣ። ታደለች ግን ወደ እኔ ዞራ "ቅዳሜ ሥራ አለህ?" አለችኝ። እኔ ቅዳሜ እንቅልፌን የምወድ ሰው ነኝ። ብነጫነጭም አልለቀቀችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘን ሴቶቹ ወደሚማሩበት ሄድን። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እንደማንኛውም ተማሪ ስትማር አረፈደች። እረፍት ሲሆን ልጅ ወዳዘለች አንዲት ሴት ጠጋ አለችና "መቼ ነው የጀመርሽው?" ብላ ጠየቀቻት።

"የትኛውን? የበፊቱን ነው የአሁኑን?"

"ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የጀመርሽው?"

"ወለድኩ፣ ቀረሁ። ስመለስ እንደ አዲስ ተመዝገቢ አሉኝ።"

"እኔንም!" አለች አጠገቧ የነበረችው። "እኔንም እንደዚያው!" አለች ሌላዋ ከወዲያ። አማርኛው አልፈጥን ያላቸው በሲዳሙ አፎ ቀጠሉ፤ ታደለችም አብራቸው ገባች። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ፊት ፊታቸውን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ነገሩ ገባችሁ? ወልዳ የቀረችዋ "አቋርጣለች" ተብላ ትቆጠራለች። ስትመለስ ሌላ የመታወቂያ ቁጥር ይሰጣትና አዲስ ሰው ትሆናለች። ብትመረቅም እንኳ በድሮ ቁጥሯ እንዳቋረጠች ትቀራለች። ሴቶቹ ወልደው፣ ታርሰው፣ ተመልሰው እየተማሩ ነው፤ እኛ ደግሞ ቢሯችን ተቀምጠን ጠፉ እንላለን።

ያን ቀን ከእረፍት በኋላ ፈተና ነበራቸው። ልጅ ይዞ ፈተና ክፍል መግባት ደግሞ አይፈቀድም። ታደለች ኮቷን አውልቃ ለእኔ አቀበለችኝ፤ አንዱን ሕፃን አዘለች፣ ሌላውን አቀፈች። እኔም አልተረፍኩም፤ አንዲት ጉንጫም ታቅፌ ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጥኩ። ልጅቷ ሸሚዜ ላይ አስመለሰችብኝ። "መስክ መውጣት ማለት ይኼ ነው!" ብላ ሳቀችብኝ፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን በሳቋ ይነቃነቅ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም አብራርታ ጻፈች። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተከራከረች፣ ለመነች፣ ደጅ ጠናች። በስንት መከራ ለፊታችን ሰኞ ስብሰባ ተያዘላት።

ባለፈው ሳምንት አመማትና ሆስፒታል ገባች። ቶሎ የምትወጣ መስሎን ነበር። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ እንኳ ስለ ራሷ አላወራችም። "ሰኞ ካልደረስኩ አንተ ግባ። ግን በናትህ አትቆጣባቸው፤ ስትቆጣ ሐሳብህ ይበተናል" አለችኝ። "ራስሽ ትገቢያለሽ፣ አርፈሽ ተኚ" አልኳት። በዚህ ተለያየን።

ዛሬ ከሰዓት የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እነዚያ ሴቶች መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው መጡ። ሰው ሁሉ እስኪያያቸው ድረስ አለቀሱላት። ለቅሶው በረድ ሲል ታደለች መጀመሪያ ያናገረቻት ያቺ ሴት አጠገቤ ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ በዚህ ቀን መጠየቁ ነውር ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትምህርታችን ይቀጥላል?"

"ይቀጥላል" አልኳት።

ማንን ተማምኜ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከአፌ ወጣ። ዞራ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ቀብሯ ነገ ነው። የምታውቋት ሁሉ ኑ፣ አብረን እንሸኛት።

ታደለችዬ፣ ይኸው ሳላማክርሽ ቃል ገባሁልሽ። ሰኞ እገባለሁ። አልቆጣም፣ እሞክራለሁ። ድምፄ ከተሰበረም ይሰበር፣ ስለ እነሱ የምለውን ሳልጨርስ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ገና በመጀመሪያው ቀን ናፍቀሽኛል። ያመንሽው ጌታ በእቅፉ ያሳርፍሽ።

ደህና ሁኚ እህቴ። መጀመሪያ የሴቶቹን ነገር ልጨርስልሽ፤ ከዚያ በደንብ አለቅስልሻለሁ።