ከግምጃ ቤቱ ደጅ ያለው ድንጋይ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የንጉሡ ግምጃ ቤት በጅሮንድ ሆነው የተሾሙ ዕለት ካባቸውን ለብሰው ከእንጦጦ ወደ የካ ሲወርዱ ዘመድ ሁሉ በእልልታ ተቀበላቸው። በማግስቱ ማለዳ አብሬያቸው ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ የሚገቡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከበቅሏቸው ወርደው፣ ካባውን አውልቀው በክንዳቸው ላይ አጠፉና፣ ሹመት ፈልገው ደጅ የሚጠኑ ሰዎች ወደተደረደሩበት ረጅም ድንጋይ ሄዱ። ሰዎቹ ደንግጠው ተነሡ።

«ኧረ ተቀመጡ፤ ትንሽ ብቻ ተጠጉልኝ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ የእንጦጦ ብርድ አጥንት ሲሰብር እንኳ፣ እዚያው ተቀምጠው የእያንዳንዱን ጉዳይ ሳይሰሙ ሥራ አይጀምሩም ነበር። አንድ ቀን አንድ የቤተ መንግሥት ባለሟል ነገሩ ከነከነው።

«ጌታው፣ በጅሮንድ ሆነው ከደጅ ጠኚ ጋር ይቀመጣሉ እንዴ?»

«ንጉሡ ሊሾሙኝ ያስጠሩኝ ከዚህ ድንጋይ ላይ ነው» አሉት አጎቴ። «የሻሩኝ ዕለትም የምመለሰው ወደዚሁ ነው። ቦታዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ሳይሻሩ ሞቱ። ሹመታቸው ሳይውል ሳያድር ለሌላ ተሰጠ፤ የመንግሥት ሥራ ሰው አይጠብቅም። ዛሬ እኔም ከደጅ ጠኚዎቹ አንዱ ነኝ። ድንጋዩ አይበቃንም፤ ዘግይቶ የመጣ ቆሞ ይውላል። እሳቸው ይቀመጡበት የነበረውን ጥግ ግን የሚነካው የለም። ሁላችንም እስከ ዛሬ እንደተጠጋንላቸው ነን።