ቤቱ እርስዎ ነዎት

ይህን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን ማስቀየሜን ስናዘዝ ይህችን ብቻ ዘልያታለሁ። መዝለል አመሌ ነው። በደሌም የተጀመረው በመዝለል ነው፤ አንድ መስመር ዘለልኩ፣ የዘለልኩትን ለመሸፈን ዋሸሁ፣ የዋሸሁት ሰው ደግሞ ከራሱ ይልቅ እኔን አመነ። ፍረዱልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እስከ መጨረሻው ብቻ አድምጡኝ።

ሰውየው ጋሽ ወልዴ ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ደረጃ እንጋራለን። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የሰፈሩን ደስታ ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሠናይት፤ ትዳር ይዛ ሰሚት ነው የምትኖረው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ እኔ ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ ማታ ማታ እማር ነበር። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስመዘገብ ጉርድ ፎቶ አምጪ ተባልኩና እሳቸው ፎቶ ቤት ገባሁ። አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ከካሜራው ጀርባ ብቅ አሉና፣ «ቀና በይ እንጂ፤ ተማሪ እኮ ነሽ» አሉኝ። ተማሪ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ዓመታት አልፈው ኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ሲያደርገን ዕጣ ሳይሆን ጸሎቴ የደረሰ ነበር የመሰለኝ። እሳቸውም እስከ ዛሬ በስሜ አይጠሩኝም። «ተማሪዋ» ነው የሚሉኝ።

አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። በመጻሕፍት መካከል ስውል ቃል ላይ ጥብቅ ሆኛለሁ። ደረጃው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፊደል ከተሳሳተ በእስክሪብቶ አርሜ ነው የማልፈው፤ ለዚህም የሚያሙኝ አሉ። ቢሆንም የመድኃኒት ወረቀት ሲሆን፣ ከባንክ የመጣ መልእክት ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሁሉ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ? በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠናይት ባል ከዱባይ ሲመለስ ለጋሽ ወልዴ ድሮን ይዞላቸው መጣ። ፈቃዱ እስኪገኝ ብዙ ደጅ ጠኑ። በዚያ ዕድሜያቸው አዲስ ነገር መጀመራቸው ወጣት አደረጋቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተሳፍረው መቀረጽ የሚፈልጉ ሙሽሮች አገኙ። መመሪያው ግን በእንግሊዝኛ ነበር።

ውሃ የጠፋበት ቀን ነበር። ጀሪካኖቻችንን ከግቢው ሞልተን፣ ደረጃውን እያረፍን ወጥተን፣ ውሃው እንዳያልቅብን ሻይ እንኳን ሳናፈላ እሳቸው ሳሎን ተቀመጥን። እኔ መመሪያውን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው እንደ ቄስ ተማሪ ቃሌን ተቀብለው ይደግሙታል። ውሃ ላይ ዝቅ ብሎ አይብረር፣ ከሆዱ ሥር ያለው ዓይን በሞገዱና በነጸብራቁ ይታለላል። ነፋስ ካየለ አይነሳ። ባትሪው ሳይዳከም ይመለስ። አንዱንም አላዛነፉም። አስታውሱልኝ፤ አንዱንም አላዛነፉም።

ከዚያ ወደ አንዲት ቁልፍ መጣን፤ «ወደ ቤት መመለሻ» ብዬ ተረጎምኳት። ሳቁ።

«ልደታ ድረስ ይመጣል እንዴ? እንግዲያው ሌላ ጊዜ ጀሪካኑን ይዞልን ይውጣ።»

እኔም ሳቅኩ። ከሥሯ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ ነበር። ጀልባ የሚለውን ቃል አወቅኩት። ቀጥሎ ያለውን ግን አላወቅኩትም። መላ ዓረፍተ ነገሩ በዚያ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረ። አንድ ቃል መፈለግ ምን ይከብድ ነበር? «ይችን አላውቃትም፣ አንድ ጊዜ ልያት» ማለትስ? ሌላ ሰው ቢሆን ይለዋል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ግን «አላውቅም» የሚለውን ቃል ይፈራዋል፤ ሲለው ተመልሶ እዚያው የሰው ጓዳ የሚገባ ይመስለዋል። ይህን ምክንያት ብዬ አላቀርበውም። የዘለልኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ወልዴ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «የትኛውን ቤት ነው ታዲያ?» አሉኝ።

እኔም አንድ ያማረ ነገር ከራሴ ፈጠርኩ። «ቤቱ እርስዎ ነዎት። ሪሞቱ እጅዎ ላይ እስካለ ድረስ የትም ይሁኑ የት፣ ወደ እርስዎ ይመጣል።»

«ቤቱ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ደስ አላቸው። እኔም በራሴ ዓረፍተ ነገር ደስ አለኝ። መመሪያው ግን እንዲህ አይልም ነበር። የድሮን ቤት የተነሳበት ቦታ ነው። ከጀልባ ላይ ከተነሳ ቤቱ ያ የውሃ ቁራጭ ነው፤ ጀልባዋ ከተንቀሳቀሰች ቤቱን እንደገና ካላስመዘገቡለት በቀር ተመልሶ ባዶ ውሃ ላይ ያርፋል። የዘለልኳት መስመር የምትለው ይህን ነበር።

የሠርጉ ቀን አብሬያቸው ቢሾፍቱ ሄድኩ፤ እንደ አስተርጓሚያቸው። ሙሽሮቹ በአንድ ጀልባ፣ እኔና ጋሽ ወልዴ ከሚዜዎቹ ጋር በሌላ። ሙሽራው ከሐይቁ መሃል ይቀረጽልን አለ፤ ድሮኑ ከጀልባችን ወለል ላይ ተነሳ። ቀዛፊው የሙሽሮቹን ጀልባ እየተከተለ አራቀን። ጋሽ ወልዴ ያን ቀን እንዴት እንደሠሩ ብትመለከቱ! ሙሽሪት ቬሏን ለነፋሱ ለቀቀችው፣ እሳቸው ከላይ ተከተሉት፣ በስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር በአረንጓዴ ውሃ ላይ ሲሄድ አየን። ዝም ብለው ነበር የሚሠሩት፤ ከንፈራቸው ብቻ የነገርኳቸውን ይደግማል።

ሪሞቱ ባትሪው መዳከም መጀመሩን ሲያሳውቅ ቁልፏን ተጫኑ፣ ድሮኑን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ድሮኑ ከፍ አለ፣ ዞረ፣ በላያችን አልፎ ሄደ። መጀመሪያ ወደተነሳበት ቦታ ሄዶ ባዶው ውሃ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰው ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ በእርጋታ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ውሃው ዋጠው።

የጋሽ ወልዴ እጅ እንደተዘረጋ ነበር።

«ጋሼ፣ ዓሣ ሊያመጣልን ነው?» አለ አንዱ ሚዜ። ሌሎቹ ሳቁ። ኋላ ግን የተቀረጸው ሁሉ አብሮት እንደሰጠመ ሲገባቸው ሳቁ ቆመና ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች። ሚዜው ይህን ጊዜ ነው፣ «ድሮስ ሽማግሌ ለጥያቄ ይላካል እንጂ ለቪዲዮ ይላካል?» ያለው። እንደገና ተሳቀ፤ የዚህኛው ሳቅ ሌላ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቤቱ እኔ ነኝ ብለሽኝ አልነበር?» አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት የዘለልኩት መስመር ምን ይል እንደነበር ገባኝ። ሁሉም እኔን ያያሉ። «ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ቃል ማወቅ አይደል እንዴ ሥራዬ? እኔ ግን ምን አልኩ? «ከጀልባ ሲነሱ ግን ቤቱን እንደገና ማስመዝገብ አለብዎት ብዬዎት ነበር፣ ጋሼ። ረስተውት ነው» አልኩ። ከገባኝ ገና ደቂቃ ያልሞላውን ነገር ቀድሞ የነገርኳቸው አድርጌ አቀረብኩት።

እጃቸውን አወረዱ። አሰቡ። ሲያስቡ አየኋቸው፤ ውስጣቸው ገብተው የሌለ ነገር ሲፈልጉ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ «አዎ፣ ብላኛለች። እኔ ነኝ የረሳሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆቼ» አሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ ሜክሲኮ ልንደርስ ስንል፣ «መቼ ነበር የነገርሽኝ? ሻይ ስንጠጣ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሻይ ስንጠጣ» አልኩ።

አያችሁ? ውሸቷን ብቻዋን አልተውኳትም። ስኒ ሰጠኋት፣ ወንበር ሰጠኋት፣ ቤት ሠራሁላት።

ከዚያ ወዲያ ካሜራ አልነኩም። ፎቶ ቤቷን ዘጉ። ቁልፍ ጥለው ቢወጡ፣ «አየሽ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሽሮ ምድጃ ላይ ረስተው ቢያሳርሩ፣ «አየሽ፣ ያው ነው» ይሉኛል። እኔ ስንቴ ነው ወጥ ያሳረርኩት? ሽሮ ያላሳረረ ማን አለ? ሠናይት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መርምሮ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው አለ። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «እሱ ምን ያውቃል? ሐይቁ ላይ አልነበረም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከመናገራቸው በፊት እኔን ይጠይቃሉ፤ «እንዲህ ብዬ ነበር? አንቺ ካልሽ ነው።» የትውስታቸውን ቁልፍ አውጥተው ለሌባዋ ሰጧት።

እበሽቃለሁ። በእሳቸውም እበሽቃለሁ፣ እውነቴን ነው። ለምን አልተከራከሩኝም? «ኧረ በፍጹም፣ እንዲህ አላልሽኝም» ቢሉኝ ምን ነበረበት? አንድ ጊዜ ቢጮሁብኝ ያኔውኑ እናዘዝ ነበር እላለሁ። ደግሞ ራሴን እሰማዋለሁ፤ በደሌን እንዳወጣው የተበደለው ሰው እንዲረዳኝ እየጠበቅኩ ነው። ከዚህ የባሰ ድፍረት አለ?

ልነግራቸው ሞክሬአለሁ። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካናቸውን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ደጃፋቸው ላይ ሳስቀምጠው፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር...» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተማሪዋ» ይሉኛል። እመለሳለሁ። ውሃ በመሸከም ዕዳዬ የሚቀል መስሎኝ ነበር። የቀለለው እሳቸው የሚሸከሙት ጀሪካን ብቻ ነው።

ትናንት አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ በር ላይ ቆሙ። በእጃቸው የድሮኑን ሪሞት ይዘዋል፤ ከዚያ ቀን የተረፈው እሱ ብቻ ነው። «ቅዳሜ ሠናይት መኪና ይዛ ትመጣለች። ከእሷ ጋር ልኖር ነው» አሉኝ። ቤታቸውን ይወዱታል፣ ደረጃውን ከነመከራው ይወዱታል። መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መፈለግማ አልፈልግም። ግን ያን ቀን ራሴን አየሁት እኮ። የተነገረውን የማይዝ ሰው ብቻውን እሳት ይለኩሳል? ልጄ ትክክል ናት።» ሪሞቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «አንቺ ታውቂበታለሽ፤ አንቺ ዘንድ ይሁን።»

ሳልናገር ወረዱ። አሁንም አልተናገርኩም። ቤታቸውን ጥለው የሚሄዱት እኔ በፈጠርኩት መርሳት ነው፤ እኔም በሩን ይዤ «ቀስ ብለው ይውረዱ» አልኳቸው።

ዘግይቼ መማሬን አላነሳም። ሚዜውን አላነሳም። ቃሏ ከባድ ነበረች አልልም፤ ኋላ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳያት ማንም ተማሪ የሚያውቃት ቃል ናት። ይቅርታ ሊደረግልኝ ይገባል የሚል ነገር ራሴ ውስጥ ፈለግኩ፤ የለም።

ይህን ወረቀት ግን ዛሬ ይዤው ወደ ሁለተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። ለቅዳሜ አላሳድረውም።

ጋሼ፣ ይህ በአማርኛ ነው የተጻፈው። መነጽርዎን አድርገው፣ ጣትዎን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ እንደ ልማድዎ ቀስ ብለው ያንብቡት። በመሃል እኔ የለሁም። ቅዳሜ መሄዱንም መቅረቱንም እርስዎ ይወስናሉ፤ በእኔ ውሸት ግን አይወስኑ። ያን መስመር አልነገርኩዎትም። የነገርኩዎትን ሁሉ አንድም ሳያዛንፉ ይዘውታል። የረሱት ነገር የለም።

ያን ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር፣ ጋሼ። ሻይ አልጠጣንም።