የነሐሴ ዘጠኙ አይብ

ጸዳለ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ ሆስፒታል አንሶላ እያጠፈች አሥራ ስድስት ዓመት የሠራች፣ ሰው የማትፈራ ሴት ናት። አለቃዋን እንኳ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው። በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ግን አንዲት ፈረንሳዊት አይብ ይዛ መጥታ እንቅልፍ ነሳቻት።

ፈረንሳዊቷ ኦዴት የልጇ የሃኒ እጮኛ እናት ናት። ገጠር ውስጥ ፍየል አርብታ፣ በመንደሯ ገበያ አይብ ሸጣ የምታድር ገበሬ። እጅ መንሻዋም ራሷ የሠራችው፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አይብ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የመጣችው ሰኞ፣ በፍልሰታ መሐል ነው። ፍልሰታን ደግሞ እንኳን ጸዳለ ሕፃናትም ይጾሙታል።

ጸዳለ አመስግና ተቀበለችና ፍሪጅ ውስጥ ከጎመኑ ጀርባ ወሸቀችው። እዚያው ቤት ያረፈችው ኦዴት ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር አይቧ እንዳልተነካ ታያለች፤ ፊቷም ይጠቁራል። ጸዳለ ደግሞ በፍርሃት ልትሞት ነው። «ልጄን ለነዚህ ንቀተኞች ነው የምድረው?» ብላ ኦዴት ጋብቻውን ብታፈርሰውስ?

«ማሚ፣ አለርጂክ ነኝ በያት። ኢትስ ኢዚ» አለች ሃኒ።

«በጾም ልዋሽ?»

«ኦኬ፣ እኔ ኤክስፕሌን ላድርግላት። ጾመኛ ናት እላታለሁ።»

«ተይ! ጾሜን በአስተርጓሚ ላስለፍፍ? ግብዝ መሆን እኮ ነው!»

ሐሙስ ከሰዓት ሃኒና እጮኛዋ ሁለቱን እናቶች ሪቨርዴል ፓርክ ወደሚቆመው የገበሬዎች ገበያ ወሰዷቸው። ኦዴት ገበያ ስታይ ነፍስ ዘራች። ቲማቲም ታሸታለች፣ ሐብሐብ መታ መታ እያደረገች ታዳምጣለች፣ ቋንቋዋን ከማይሰሙ ነጋዴዎች ጋር ትከራከራለች። «ይቺስ የመርካቶ ሴት ናት» አለች ጸዳለ በሆዷ። ወደደቻት። መውደዷ ደግሞ ጭንቀቷን አባሰው።

አመሻሹ ላይ ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ እየበላ ጊታር ያዳምጣል። ልጆቹ ኮክ ሊገዙ ሄዱ። ይሄኔ ኦዴት ከቦርሳዋ ያንን ነጭ ጨርቅ አወጣች። ጉድ ፈላ! ከአይቡ ቆረጥ አደረገችና በእጇ ወደ ጸዳለ አፍ ዘረጋችው። ጉርሻ አይመለስም፤ ጾም አይገደፍም። «አለርጂክ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ማርያም!» አለች፣ ምጥ እንደያዛት ሴት።

የኦዴት እጅ አየር ላይ ቀረ። «ማሪ?»

ጸዳለ ወደ ሰማይ አመለከተች፣ አማተበች፣ አፏን በመዳፏ ከደነች፤ ከዚያ የቀሩትን ቀናት በጣቶቿ ቆጠረች። ኦዴት ትንሽ አሰበችና ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት። የመንደሯ አደባባይ፣ ረጃጅም የእራት ጠረጴዛዎች፣ በአበባ ያጌጠች የማርያም ሐውልት፣ ከላይ በትልቁ የተጻፈ 15 ቁጥር። ኦገስት 15 ደግሞ ዛሬ ነው! ለካ በኦዴት አገር የዕርገቷ በዓል ኖሯል፤ አይቡን ያወጣችውም በዓሏን ብቻዋን እንዳትውል ነው። አንዷ ለማርያም ትጾማለች፣ አንዷ ለማርያም ትደግሳለች።

ኦዴት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አይቡን መልሳ ጠቀለለች፣ የገዛችውን ቲማቲም ሰነጠቀች፣ ጨው ነስንሳ አጎረሰቻት። ጸዳለ ጎረሰች። እፎይ! ከሰኞ ጀምሮ እህል በወጉ ሲወርድላት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሃኒ ኮኳን ይዛ ስትመለስ ሁለቱ እናቶች ተደጋግፈው ይስቃሉ። «ዋት ሃፕንድ? ነገርሻት እንዴ?»

«ማርያም ነገረችልኝ። ይልቅ ቲኬቷን ቼንጅ አድርጉላት፤ ጾሙን አብረን ሳንፈታ የትም አትሄድም።»