የሚስተር ማክ ባግፓይፕ

ትናንት ዴንተን መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ባግፓይፕ የሚባለው የከረጢት ዋሽንት ሲነፋ ሰማሁና፣ በልጅነቴ ሌዊስቪል አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ላይ ይነፉ የነበሩት የስኮትላንድ ዘር ጎረቤታችን ሚስተር ማክ ትዝ አሉኝ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የእኔ ላስት ኔም የአባዬ ስም፣ የእሱ ደግሞ የአያቴ ስም ስለሆነ፣ አንዲት የክፍሌ ልጅ “ሶ፣ ላስት ኔማችሁ ካልተመሳሰለ አባትሽ አይደለም” አለችኝ። አምኛት ሦስት ቀን እጁን አልያዝኩም።

ለሚስተር ማክ ስነግራቸው መንፋታቸውን ተዉ። “ስኮትላንድም ድሮ እንደዚሁ ነበር። ማክ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው። በኋላ የእኛዎቹ በየትውልዱ ስም መቀየር ሰለቻቸውና የአንድ አያት ስም ላይ ቆሙ። እናንተ ገና አልሰለቻችሁም” አሉኝ።

የመጨረሻው አልገባኝም፤ ግን ቅልል አለኝ። አባዬ ከዌርሃውስ ሥራው ሲመለስ ሮጬ እጁን ያዝኩት።

“ታረቅን?” አለኝ። ለካ ሦስቱንም ቀን እያወቀ ነው ዝም ያለኝ።

ትናንት ልጄ ከኋላ ወንበር “ምንድነው የሚጮኸው?” አለችኝ። የእሷም ላስት ኔም የአባቷ የመጀመሪያ ስም ነው። እስካሁን አልሰለቸንም።