የታጠበው ሎህ

ታጥቦ የጠፋ ጽሑፍ ተመልሶ ይነበባል? ኡሙሀኒ ሱሩር ይህን ለማወቅ የተነሳችው ቸግሯት ነው።

ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ የቅርስ ክፍል ትጠብቃለች። እዚያ አንድ ሎህ አለ፤ የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ማለት ነው። ያመጡት ዓሣ አስጋሪው አያ ሀሚዱ ናቸው። መምህር የነበሩት አባታቸው ከመሞታቸው በፊት የመጨረሻውን አንቀጽ የጻፉት እሱ ላይ ነው። የአባታቸው ፎቶ እንኳ የላቸውም። "አደራ" ብለው ነው የሰጧት።

በ2014 ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቃረብ ኡሙሀኒ ሎሁን በነጠላ ጠቅልላ አምባሰል፣ አክስቷ ፈዲላ ዘንድ ወሰደችው። አክስትየዋ ጎታ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር ቀበሩት። ሰላም ሲሆን ልትወስደው ብትመጣ፣ ሎሁ ነጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

"አክስቴ! ጽሑፉስ?"

"አጠብኩታ! የአላህን ቃል አይጥ ተመላልሶበት ልተወው ኖሯል?"

"ውሃውንስ?"

"ሰው ከማይረግጠው፣ ከወይራው ሥር። መንገድ ላይ የምደፋ መሰለሽ?"

ልብ በሉ፣ ሎህ የሚሠራው እንዲታጠብ ነው። ተማሪው የጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ያጥበዋል፤ ከዚያ ሌላ ይጽፍበታል። ፈዲላ ያደረጉት በልጅነታቸው የተማሩትን ነው።

አያ ሀሚዱ ሲነገራቸው "ጅዳ ድረስ ሄደሽ ሎህ እንደሚታጠብ አልሰማሽም?" ብለው ቀለዱባት። ሎሁን ግን በእጃቸው አልነኩትም።

አንድ ማለዳ ኡሙሀኒ ሎሁን ወደ መስኮቱ ስታዞረው ፀሐይ በጎን አገኘችው። ለካ ከጥላሸት የተበጠበጠው ቀለም እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ኖሯል! ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ከሥራቸው ሌሎች፣ ከእነዚያም ሥር ሌሎች። አንዱ ጽሕፈት ወፍራም ነው፤ አንዱ የጀማሪ፣ የሚንቀጠቀጥ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ ደርግም ሄዶ ሌላው ሲተካ፣ ክንድ በማትሞላ እንጨት ላይ ልጆች ሲጽፉና ሲያጥቡ ኖረዋል። የአገር ታሪክ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

"ሱብሃነላህ" አለችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አሁን ማለዳ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክታልፍ ባለችው ግማሽ ሰዓት፣ ስስ ወረቀት ይዛ መስመሮቹን እየለየች ትገለብጣለች። አያ ሀሚዱም ከጎኗ ናቸው።

"ይሄ የአባቴ አይደለም። እሳቸው ካፍ የምትባለዋን ፊደል እንደ መንጠቆ ነበር የሚያጎብጧት።"

እስካሁን የአባታቸው የሆኑ ሦስት ቃላት ተለይተዋል። አራተኛው ከሥሩ ካለ የአንድ ተማሪ ጽሕፈት ጋር ተደባልቋል፤ ኡሙሀኒ ሎሁን በጥቂቱ አዘንብላ እንደገና እየሞከረች ነው።