ገንዳው ውስጥ የተነጠፈው ዝገት

«በረዶ» ያሏት ጎረቤቶቿ ናቸው። ስም ማውጣት ያውቁበታል! ያጠበችው አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋ ነበራ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል የእንግዶቹን አንሶላ ሁሉ ለእሷ የሰጣት ለዚሁ ንጣት ሲል ነው፤ ቤቱም የሚተዳደረው በዚያው ነው።

ውሃው ደግሞ ከገዛ ጓሯቸው ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ባሏ ነው፤ ሙያው ይኸው ነበር። ለሰው ሲቆፍር ኖሮ ኖሮ በመጨረሻ ለሚስቱ ቆፈረላት። «ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ይገዛል፣ የእኔው ጉድጓድ ይምስልኛል!» እያለች ትቀልድበት ነበር፤ ደስታዋ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቅባታል።

ኋላ የሰው ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ናዳ ወደቀበትና ከወገቡ በታች በድን ሆነ። አሁን መስኮቱ ሥር አልጋው ላይ ተደግፎ ጓሮውን ሲያይ ይውላል። የቀረችው ኩራት ያቺ ጉድጓድ ናት። የመጣ ሰው ሁሉ «እስቲ የእጄን ውሃ ቅመስ» ሳይባል አይወጣም።

ጉዱ የፈላው ፓምፕ ካስገቡ በኋላ ነው። ውሃው ከጉድጓዱ እየተሳበ፣ ከፍ ካለ ቱቦ ወደ ሲሚንቶው ገንዳ እየተንፎለፎለ ይወርዳል። አንድ ጠዋት በረዶ ክዳኑን ብታነሣ፣ የገንዳው ግድግዳና ወለል ላይ ብርቱካንማ ነገር ተነጥፏል፤ እንደ እርጥብ ጥጥ ለስላሳ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ። ውሃው ላይ ዘይት የሚመስል ነገር ተንሳፍፏል፤ በጣቷ ብትነካው ግን እንደ ስስ መስታወት ተሰባበረ። «ዘይትስ አይደለም፤ ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለች። ፈትጋ ፈትጋ አጠበችው። በሳምንቱ ተመልሶ ተነጥፎ ጠበቃት።

«ቱቦው ዝጎ ነው አንቺዬ» አላት ባሏ ከአልጋው ላይ ሆኖ። የብረቱን ቱቦ አስወጥተው ፕላስቲክ አስገቡ። ወይ ፍንክች! እንዲያውም አንሶላዎቹ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ይል ጀመር።

የሆቴሉ የአልጋ ክፍሎች ኃላፊ ራሷ መጣች። «በረዶ፣ አንቺን ማጣት አልፈልግም» አለቻት። «ቅዳሜ ብዙ እንግዳ ይገባብናል። ይሄን ዙር እንደ ድሮው ነጭ አድርገሽ ካመጣሽ ሥራው ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው።»

አጣቢ ሰው ቢጫ ነገር ሲያይ እጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ በረኪና ነዋ! ዕድሜ ልኳን አሳፍሯት አያውቅም። ደፋ አድርጋ ዘፈዘፈችው። ስታወጣው፣ ነጠብጣብ ያልነበረበት አንሶላ ሳይቀር የዝገት ቀለም ጠጥቷል። ጨመረችበት፤ ባሰበት። ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ዘፍ ብላ «ምን በደልኩህ?» ትላለች፤ ለአንሶላው እኮ ነው።

ኃላፊዋ መጥታ አንዱን ዘርግታ አየችና መልሳ አጠፈችው። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣችም። «እነዚህ እዚሁ ይቅሩ፤ በርቺ እህቴ» ብላ ወጣች።

የውሃ ባለሙያው የመጣው ሥራው ካመለጠ በኋላ ነው። ምን ያደርጋል! ገንዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና አልጋው አጠገብ ወንበር ተስቦለት ተቀመጠ። በረዶ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ይሄ እንዲሁ ዝገት አይደለም፤ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሠሩት ነው» አላቸው። «ባክቴሪያ ናቸው። ከመሬት ሥር ያለው ውሃ ውስጥ ብረት ሟሙቷል፤ አየር ስለማያገኝ ጥርት ብሎ ይታያል። ትንሽ አየር ሲገባ እነሱ ብረቱን ወደ ዝገት ይለውጡና ከዚያ በሚያገኙት ጉልበት ይኖራሉ። ዝገቱን እንደ ቀጭን ክር እያደረጉ ይተዉታል፤ ክሩ በክር ላይ ሲደራረብ ነው እንዲህ የሚነጠፈው። በረኪናውም የሟሟውን ብረት አዝጎ ጨርቁ ላይ አጣበቀባችሁ።»

«መድኃኒቱስ?» አለች በረዶ።

«በክሎሪን ቢታጠብ ለጊዜው ይጠፋል። ብረቱ ከሥር እስከመጣ ድረስ ግን ይመለሳሉ። ትልቅ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ደግሞ እናንተ አትችሉትም።»

ባሏ ከትራሱ ቀና አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያሉት?» ብሎ ጠየቀ።

«እነሱማ በየአፈሩ በየውሃው አሉ፣ ጋሼ። ብረቱም ከጥንት የነበረ ነው። የጎደላቸው አየር ነበር።»

«እኔ ነኛ በሩን የከፈትኩላቸው» አለ።

«ኧረ እንደሱ አይበሉ!» አለ ባለሙያው። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስታይ በረዶም ዞር ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ብሩሿን ይዛ ገንዳው ውስጥ ገባች። የሚታጠብ አንሶላ የለም፤ ገመዱ ባዶውን ነው። ግን እሱ በመስኮት እያያት ነው፣ እንዴት ብላ ትተው? ዛሬም ድረስ በየሳምንቱ ትፈትገዋለች፤ በየሳምንቱም ይመለሳል።

«ዛሬስ ቀነሰ?» ይላታል ስትገባ።

«በጣም ቀንሷል» ትለዋለች።

ዕድሜውን ከጉድጓድ ውሃ ጋር የኖረ ሰው ብርቱካንማ የሆነውን ጥፍሯን አይቶ እውነቱን አያጣውም። «ጎሽ፣ የእኔ በረዶ» ይላትና፣ ሆቴሉ የተወላቸውን ቢጫ አንሶላ እስከ አገጩ ይስባል።