እርሾ የያዘው ድንጋይ

መሐል ሜዳ ከተማ ስመደብ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ጉድጓዶችን አያለሁ፣ የውሃ ናሙና ወስጄ ደብረ ብርሃን እልካለሁ፣ ፓምፕ ተበላሸ ሲባል ቀበሌው ድረስ በእግርም በበቅሎም እሄዳለሁ። ስለ ብርዱ ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያውን ኅዳር ያለኝን ሹራብ ሁሉ ደራርቤ ነው ያሳለፍኩት። ታኅሣሥ ሲገባ የከተማው ጠጉር ፈታዮች አይተው አዘኑልኝና አንድ ወፍራም የበግ ጠጉር ባና አለበሱኝ። ከእነሱ ጋር የተዋወቅነው እንደዚያ ነው።

ሴቶቹ ከከተማው ዳር፣ ሜዳው ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት ቦታ፣ በማኅበር ተደራጅተው የበግ ጠጉር እያጠቡና እያቀለሙ ይፈትላሉ፤ ከዚያ ባናና ምንጣፍ ያሠራሉ። ሊቀ መንበራቸው ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው ከወዲያ ወዲህ የሚሉ ሴት ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። በግቢያቸው አንዲት ጭድ ወድቃ አትታይም።

ጠጉር ከበጉ ተሸልቶ ሲመጣ ስቡን፣ ላቡንና አዛባውን ሁሉ ይዞ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲያሹት ያ ሁሉ ይለቅና ውሃው ወፍሮ፣ ቅባት አዝሎ ይወጣል። ሥራው ትንሽ በነበረ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። ምንጣፉ አዲስ አበባ ገዢ አገኘ፣ የማጠቢያው በርሜል በዛ፤ ያን ጊዜ ቦዩ መሽተት ጀመረ። ቦዩ ደግሞ የሚፈሰው ወደ ወንዙ ነው።

በቀጣዩ መስከረም አንድ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን የአብነት ተማሪዎችን የሚያስተምሩ የኔታ ወደ ግቢው መጡ። እኔም የሴቶቹን ጉድጓድ ለማየት እዚያው ነበርኩ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና ሥራችሁን ይባርክ ብለው ጀመሩ።

«ለጠብ አልመጣሁም» አሉ። «በጎቻችን ወንዙ ድረስ ይወርዱና ውሃውን አሽትተው ይመለሳሉ። በግ የተጠየፈውን ውሃ ተማሪዎቼ ቀድተው ይጠጣሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እትዬ ፊታቸው ደም መሰለ። በንጽሕና የሚታሙ ሴት አልነበሩም። «የኔታ፣ ልጆቻችንን የምናሳድገው በዚህ ነው። ዝጉ ካሉን ግን እንዘጋለን» አሉ።

«ዝጉ አልወጣኝም። እናንተም ሥሩ፣ በጉም ይጠጣ ነው የምለው።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የውሃ ሰው አይደለሽም?» አሉ እትዬ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የተማርኩትን በእጄ ሠርቼበት አላውቅም ነበር። ግን በመጨረሻው ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር ነበር፤ ባዮፊልም ይሉታል። ወንዝ ስንሻገር ድንጋዩ ላይ የሚያንሸራትተን ዝልግልግ ነገር ማለት ነው። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን፣ ባክቴሪያዎች፣ ድንጋዩ ላይ ይጣበቁና ከራሳቸው በሚወጣ ልጋግ ቤት ሠርተው በማኅበር ይኖራሉ። ቆሻሻ ውሃ በላያቸው ቀስ እያለ ሲያልፍ ስቡንም ሳሙናውንም ይበሉታል። የሚቀመጡበት ድንጋይ፣ አየርና ጊዜ ካገኙ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ይህን ለየኔታና ለእትዬ እንደምንም ብዬ ነገርኳቸው። የኔታ «እንግዲህ ይሞከር» ብለው ሄዱ።

አለቃዬ ፈቀደልኝ። ግንበኛ አምጥተን በድንጋይና በሲሚንቶ ሁለት ገንዳ አሠራን። አንደኛው አፈሩ የሚዘቅጥበትና ስቡ የሚንሳፈፍበት ነው። ሁለተኛውን እንደ ሰፍነግ በተቦዳደሰ ቀላል ቀይ ድንጋይ ሞላነው፤ በላዩም የተበሳሳ ቧንቧ ዘርግተን ውሃው እንደ ካፊያ እንዲንጠባጠብበት አደረግን። ለመነሻ ደግሞ የማጠቢያው ውሃ ለዓመታት ከፈሰሰበት ከቦዩ አፍ ልጋግ የያዙ ድንጋዮች ለቅሜ ከአዲሶቹ ጋር ቀላቀልኳቸው።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። በየጠዋቱ ወደ ቢሮ ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ ድንጋዮቹን በጣቴ እዳብሳቸዋለሁ። ደረቅ፣ ሻካራ ናቸው። አንድ ጠዋት ጣቴን አሟለጨው። ከዚያ ወዲያ ሽፋኑ ቀስ በቀስ እየወፈረ ወደ ግራጫ ቡናማ አደላ፤ ከገንዳው የሚወጣውን ውሃም ሽታው ለቀቀው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ለቤት አከራዬ ነገርኳት። «ልጋግ በቀለልኝ» ስላት ምን ነካት ብላ አየችኝ።

በዚህ መሐል ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ስመለስ ከዞን የመጡ እንግዶች ማኅበሩን ሊጎበኙ ነው ተባለና ሻንጣዬን እንደያዝኩ ከአውቶቡስ መውረጃው በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ግቢ ሮጥኩ። እንግዶቹ ቀድመውኝ ደርሰው ገንዳውን ከበውታል። ከሩቅ የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ድንጋዮቹ ታጥቦ እንደተዘረጋ በርበሬ ቀልተው ያበራሉ። ያ ሁሉ ሽፋን የለም።

ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ገንዳው ጎንበስ ብለው «እንዲህ ያለ ንጽሕና በየትም ወረዳ አላየሁም» አሉ። ሌሎቹም አደነቁ። እትዬ በኩራት ወደ እኔ እያዩ ፈገግ አሉ። ከታች ከቧንቧው የሚወጣውን ወፍራም ውሃ ያየው ሰው አልነበረም። እኔም በእንግዳ ፊት እሳቸውን ማሳፈር አልሆነልኝም።

እንግዶቹ ሲሄዱ «እትዬ፣ ድንጋዮቹን ማን አጠባቸው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ። ከሴቶቹ ጋር አንድ በአንድ እያወጣን በቡሩሽ ፈተግናቸው። ንፍጥ የመሰለ ነገር ተጋግሮባቸው እንዴት እንግዳ እቀበላለሁ? የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ባክቴሪያ በሽታ ነው እያለች ሁልጊዜ ታስተምረናለች። አንቺም ባክቴሪያ ይዟል ብለሽኛል። በረኪናውን ሳልሰስት ነው ያፈሰስኩበት።»

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልቅሶ መጣብኝ፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። እትዬ ግራ ገብቷቸው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«እትዬ፣ የሊጥ እርሾ ቢተርፍዎት አጥበው ይደፉታል?»

«ምነው፣ እርሾ ይደፋል እንዴ? የደፋች ሴት ከጎረቤት ስትለምን ትውላለች።»

«ድንጋዮቹ ላይ የነበረው እርሾ ነው። በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፤ ሊጥ የሚያቦካም አለ። ይሄኛው ደግሞ የጠጉሩን ስብ የሚበላ ነው።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቀይ ድንጋዮቹን ቆይተው ቆይተው አዩዋቸው። «እርሾ ነው ያጠብኩት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወዲያው ግን ቀና አሉ፤ ተቀምጦ መቆዘም የእሳቸው ነገር አይደለም። «እሺ፣ ከማን እንለምን?»

«ከቦዩ። አፉ ላይ አሁንም አለ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ በረኪናውን በብዙ ውሃ አለቅልቀን ካስወጣን በኋላ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ልጋግ የያዘ ድንጋይ እየመረጡ እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው ባልዲ ውስጥ ያኖራሉ። እትዬ «አትሹት፣ ቀስ በሉ» እያሉ ይቆጣሉ። የኔታ ከማዶ አይተውን ወረዱ።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«እርሾ ነው የኔታ» አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ።

የሆነውን ስነግራቸው መቋሚያቸውን ይዘው ሳቁ፤ እትዬም ሳቁ። ከዚያ የኔታ እኔን ለብቻዬ ጠሩኝና ገንዳው መቼ እንደሚያገግም ጠየቁኝ። እንደ ፊተኛው ቶሎ እንደማይሆን ነገርኳቸው። ውርጩ ገብቶ ነበርና ጠዋት ጠዋት የገንዳው ጠርዝ አመዳይ ይለብሳል፤ እነዚህ ሕያዋን ደግሞ ሲበርዳቸው ይደነዝዛሉ።

«እኛስ መቼ ከዚህ እንለያለን» አሉ የኔታ። «ክደኚያቸዋ።»

በዚያ ዓመት ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀውን የጓሳን የሣር መሬት ለአጨዳ ከፍቶት ነበር። የኔታ ለቤተ ክርስቲያኑ መክደኛ ካሳጨዱት ሣር ተርፏል ብለው በአህያ አስጭነው ላኩልን። ለገንዳው እንደ ትንሽ ዳስ የሣር ክዳን ሠራንለት፤ አየር እንዲገባ ጎኑን ክፍት ተውነው። ሴቶቹም የማጠቢያውን ውሃ በርሜል ውስጥ አሳድረው ከማቀዝቀዝ ይልቅ ለብ ብሎ ሳለ ይለቁት ጀመር። ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ። ድንጋዮቹ እንደገና አሟለጩ።

ሁሉ ነገር አልሰመረም። የምንጣፉን ቀለም ባዮፊልሙ ሙሉ በሙሉ አልበላውም፤ ቀይ የነከርን ቀን ውሃው ሮዝ ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህንን ለሴቶቹ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ተመካከሩና የቀለሙን ውሃ እስኪደክም ድረስ ደጋግመው መንከሪያ አደረጉት፤ ቀስ በቀስም ወደ በጉ ወደ ራሱ መልክ፣ ወደ ጥቁሩ፣ ነጩና ዳማው ተመለሱ። እኔ እነዚያን ምንጣፎች የበለጠ ወደድኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ የኔታ በጎቻቸውን ራሳቸው እየነዱ ቦዩ ወንዙን ከሚቀላቀልበት ቦታ አመጧቸው። እትዬና እኔ ዳር ቆመን አየን። አንዲት አሮጊት በግ አሸተተች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ አፏን ነክራ ጠጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ማየ ሕይወት እንኳ ባይባል ማየ አባግዕ ሆኗል» አሉ። እትዬ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የበጎች ውሃ ማለት ነው አልኳቸው። ይበቃናል አሉ።

ወሬው እየተዛመተ ዓለም ከተማ የምትባል ከተማ ድረስ ደረሰ። የእርድ ቤታቸው ፍሳሽ ያስቸገራቸው ሰዎች እርሾ ላኩልን አሉ። እትዬ እኔም እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነ ባልዲ ይዘን፣ በደብረ ብርሃን አድርገን፣ አውቶቡስ እየቀያየርን ሄድን። አንዱ ረዳት አፍንጫውን ይዞ «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ቢላቸው «ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አታንገጫግጨው» አሉት። ባልዲውን ጣሪያ ላይ ማስጫን እምቢ ብለው እግራቸው መሐል አኖሩት።

ዓለም ከተማ ከእኛ አገር ይሞቃል፤ ልጋጉ እዚያ ቶሎ ያዘ። ስንመለስ አውቶቡሱ የጀማን ሸለቆ ሲወርድ እትዬ በመስኮት ገደሉን ሲያዩ ቆዩ። ስንሄድ ዓይናቸው ባልዲው ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ አገር አይተው አያውቁም። «ሰው ከቤቱ መውጣት አለበት» አሉኝ። ለልጆቻቸው ከገዙት ብርቱካን አንዱን ለእኔ ላጡልኝ፤ ጥቂት ቆይተውም ትከሻዬ ላይ ራሳቸውን ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው።